ስፒከሩ ነው ያለኝ ሰሞን

መስከረም 8

ባለቤቴ ገበየሁ መኪናውን አጥቦ እጁን እያደራረቀ ገባና «ስፒከሮቹ አልቀዋል» አለኝ። ዘፋኞቹ ሁሉ ጥጥ ጎርሰው የሚዘፍኑ ይመስላሉ አለ።

ኮሮላዋን ከገዛናት ጀምሮ ቴፑም ስፒከሩም ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው። ሰው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት አስገብቷል፤ እኛ እስከ ዛሬ በካሴት ነን። ቴፑን ማንም እንዳይነካብኝ ይላል። የሚቀየረው ስፒከሩ ብቻ ነው።

«ዕድሜ ነዋ» አልኩት።

«ምን?»

«ዕድሜ ነው!»

«እሱማ፣ አርጅቷል» ብሎ ወጣ።

እኔ እንኳ ቃሉ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። በቀኙ በር በኩል ትንሽ ይንኮሻኮሻል እንጂ። ግን የዘፈን ጆሮ ያለው እሱ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

መስከረም 17

መስቀል ነው፣ ትምህርት የለም። ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ።

ከምሳ በኋላ በአጋሮ መንገድ እስከ የቡ ከተማ ነድተን ተመለስን። ጉዳይ የለንም፣ እንዲሁ እንደ ድሮው። እንደ ድሮው ያልሆነው ሌላው ነገር ነው። ገና በሩን ስዘጋ የቴፑን ድምፅ ጨመረው። ስለ አዲሶቹ ተማሪዎቼ ልነግረው ጀምሬ ነበር፣ ተውኩት።

ከደብረ ብርሃን መጥቼ አጋሮ መምህር ስሆን የማውቀው ሰው አልነበረም። ገበየሁ የቡና ጥራት ባለሙያ ነበር፤ አጋሮ፣ ገምቤ፣ ጌራ እየዞረ ቡና የሚቀምስ። ትምህርት ቤታችን በር ላይ መኪና አቁሞ ውሃ ሲጠይቀኝ ነው የተዋወቅነው። ውሃው እንዳልጠማው የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው።

ጅማ ቤት ይዘን ኮሮላዋን ከገዛን ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ይወጣ ነበር። ቤት ውስጥ አማቴ አሉ፣ ልጃችን ሶሲ አለች፣ እንግዳ አይጠፋም። መኪና ውስጥ ግን እሱና እኔ ብቻ። የአጋሮ መንገድ የእኛ ሳሎን ነበር። ካሴቱ ቀስ ብሎ ይዘፍናል፣ እኛ እናወራለን። የተማሪዎቼን ስም ከእኔ ይልቅ እሱ ያስታውስ ነበር። «ያ የሚያንቀላፋው ልጅ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ቡናው ሲያብብ መስኮቱን እንከፍታለን፣ ያ ሽታ መኪናውን ይሞላዋል። ኅዳር ላይ ደግሞ ከቡና ማጠቢያዎቹ በታች ያለው ወንዝ ይኮመጥጣል፤ እኔ አፍንጫዬን ስይዝ እሱ «የሥራዬ ሽቶ ነው» እያለ ይስቃል።

አሁን ከጅማ እስከ የቡ ሳንነጋገር ደረስን፣ ሳንነጋገር ተመለስን። በመካከላችን የሚያወራው ካሴቱ ነው።

አምና ሶሲ «አዲስ አበባ እኔ ጋ ኑ» ስትል «ክፍሌን ጥዬ አልሄድም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ያን ቀን ምንም አላለም። ቅር ብሎት ይሆን? ቅር ያለው ሰው ደግሞ ይናገራል እንጂ።

መስከረም 24

ጥድፊያ ላይ ነኝ። የክፍሌ ተማሪዎች ገና መቀመጫ አልሞላላቸውም።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «የወይንሸት ባል ጡረታ ሲወጣ ኮራ እንዴ? ሰላም ስለው ዞርም አላለ።» መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ገበየሁ እኮ መንገድ ላይ ለሁሉም ኮፍያውን የሚያነሳ ሰው ነው። ነበር።

ሶሲ ከአዲስ አበባ አዲስ ስፒከሮች በአውቶቡስ ልካለች። ካርቶኑን ሲከፍተው ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ።

መስከረም 26

ስፒከሮቹን ይዘን ጊንጆ ሰፈር፣ ገመቹ ጋ ሄድን። ገመቹ የመኪና ቴፕ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ወሬው ግን ከእጁ ይፈጥናል።

የበሩን ልባስ ፈትቶ የድሮውን ስፒከር ሲያወጣው ወረቀቱ ዙሪያውን ተበጣጥሷል። ገበየሁ ተቀበለውና አገላብጦ አየው።

«ይኸው! አልነገርኩሽም?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለተቀደደ ወረቀት እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይኼ እስካሁን መዝፈኑም ተአምር ነው፣ አቦ» አለ ገመቹ። አዲሶቹን አሰረ። ከመስተዋቱ ጥግ ትንንሾቹን፣ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡትን፣ ለጠፈ። ከዚያ ካሴቱን አስገባና «እንዴት ነው?» አለ።

ገበየሁ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠግቶ ቆየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አሁንም ጥጥ ጎርሷል» አለ።

ገመቹ እኔን አየኝ። ለእኔም ዘፈኑ ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው የተሰማኝ፣ ወፍራሙ ድምፅ የለውም። «ይላመዳል ጋሼ፣ አዲስ ስለሆነ ነው» አለው ገመቹ። ገበየሁ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ጥቅምት 3

ተናድጃለሁ፣ ጠዋት ላይ ሆኜም አልወጣልኝም።

ትናንት ከሄርማታ ገበያ ስንመለስ ርዕሰ መምህሩ ስለ ጡረታዬ ያለኝን ልነግረው ፈለግሁ። ትልቅ ነገር ነው ለእኔ። ዘፈኑ ይጮሃል። እጄን ሰድጄ ቴፑን አጠፋሁት።

ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል በጣቱ መሪውን መምታቱን ቀጠለ፣ ታ-ታ፣ ታ-ታ፣ ዘፈኑ እንዳልጠፋ ሁሉ። ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። «አጠፋሽውም አላጠፋሽው ግድ የለኝም» ማለቱ ነው። ይኼን ያህል ሊያሾፍብኝ?

የነገርኩት ቤት ደርሰን ነው፣ ፊት ለፊት ቆሜ። ያኔ ግን እጄን ይዞ «አንቺ ያልሽው ይሆናል» አለኝ። ይኼ ሰው አይገባኝም።

ጥቅምት 10

ሶሲ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አይደለም።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኗል?»

«ምን አለሽ?»

«ሥራ ለቀቅሁ አልኩት፤ 'ጎበዝ፣ በርቺ' ብሎ ዘጋው።»

ለካ የሥራዋ ነገር ከብዷት አባቷን ልታማክር ነው የደወለችው። ከእኔ በፊት እሱን ነው ሁልጊዜ የምታማክረው። ገበየሁን ስጠይቀው «አዎ፣ ሥራዋ ደህና ነው አለችኝ» አለ። ሽምጥጥ አድርጎ! ተቆጣሁት። ሲቆጡት ዝም ብሎ አፌን ነው የሚያየው።

ከልጁም ልቡ ሸሽቷል ማለት ነው። እኔ ነኝ ምክንያቱ ብዬ ነበር፣ ሶሲ ምን አደረገችው?

ጥቅምት 17

ገመቹ ራሱ ደውሎ ጠራን። «እትዬ፣ ማሎ፣ እባካችሁ፣ መኪናዋን አምጡልኝ፣ አንድ ነገር ተሳስቼ ይሆናል» አለ። እውነትም የአንዱን በር ሽቦ ገልብጦ አስሮት ኖሯል፤ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ። ለካሳ ብሎ ከወንበሩ ሥር ድምፅ የሚያጎለብት አምፕሊፋየር ገጠመልን፣ የድሮው ቴፕ አቅም ለአዲሶቹ አይበቃም ብሎ።

ከዚያ ከፈተው።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ያን ካሴት ከወጣትነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት አየር እንደምትስብ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። የክራሩ ጅማት በጣት ሲነካ ይሰማል። ወጣትነቴ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ፤ የአጋሮው ቤት፣ ዝናቡ፣ መኪና መጣ ብዬ በመስኮት ማየቴ። አለቀስኩ።

ቀና ስል ገበየሁ እኔን እያየ ነው። መኪናዋን አይደለም፣ እኔን። ራሴን ስነቀንቅ ይነቀንቃል፣ ፈገግ ስል ፈገግ ይላል።

«ተስተካከለ አይደል?» አልኩት።

«ተስተካክሏል» አለ። «አሁን በጣም ጥሩ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ካሴት አላስገባም። ይኼን ሁሉ ካለፋን በኋላ!

ጥቅምት 25

ዙሀራ መጥታ ነበር። ሄርማታ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከአጋሮ ዘመኔ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ገበየሁ ግቢ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን አበባ ይኮተኩታል። «አሰላሙ ዓለይኩም ጋሽ ገበየሁ!» አለችው። ዝም። ደገመችው። ዝም።

ተሳቀቅሁ። ወደ ቤት አስገባኋትና ያለውን ሁሉ ነገርኳት።

«ወላሂ ወይንሸት» አለችኝ፣ «ሰውዬሽ አይሰማም እኮ።»

«እኔስ የምልሽ እሱን አይደል? አይሰማም! ድሮም ግትር ነው፣ አሁን ብሶበታል።»

ዙሀራ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። ሻይዋን ጠጥታ ስትወጣ በሩ ላይ እጄን ያዘችና «ቀስ ብለሽ እይው። ብቻ እይው» አለችኝ።

ምን ለማለት ነው? ሰላሳ ዓመት ሙሉ ምን ሳይ ኖርኩ?

ኅዳር 7

ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም። ነገ እጽፋለሁ። ሁለታችንም ደህና ነን።

ኅዳር 8

አጋሮ የሚኖረው ዋቅጋሪ፣ የገበየሁ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ቡና ለቀማ ላይ ነኝና ኑ ብሎን ነበር። ትናንት ጠዋት ተነሳን። ቀይ ቡና በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ መንገዱ ሁሉ ያምራል። ገበየሁ እንደ ልማዱ ድምፁን ጨምሮታል፣ አምፕሊፋየሩ ወንበሬን ያርገበግበዋል።

ከየቡ አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላችን ክላክስ ሰማሁ። ዘፈኑን ሰንጥቆ ነው የሚመጣው። ዞር ስል እሸት ቡና ጢም አድርጎ የጫነ መኪና ነው፣ መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ክላክሱን አይለቅም። ፍሬን እንቢ ብሎታል። ገበየሁ ጉድጓዶቹን እየሸሸ መሀል መንገዱን ይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«ገበየሁ፣ ልቀቅለት!» አልኩ።

ወደ እኔ ሳይዞር ራሱን በዘፈኑ ልክ ነቀነቀ።

«ገበየሁ!!»

ፈገግ አለ። ዘፈኑን የወደድኩለት መስሎታል።

መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ዳር ጎተትኩት። መኪናዋ ሣሩ ውስጥ ገብታ ቆመች። ያ ጭነት በእኛ በኩል ሲያልፍ የጎኑን መስተዋት ይዞት ሄደ። ታች ዳገቱ ላይ ወጥቶ በራሱ ክብደት ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ተመስገን።

ሾፌሩ እየሮጠ መጣ። ከድንጋጤው የተነሳ ያለቅሳል። የገበየሁን መስኮት በእጁ እየመታ ጮኸ፦ «አባ! ምን ነካህ? ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

ገበየሁ የልጁን አፍ እያየ ቆየ።

«አዎ» አለው። «አዎ፣ ልጄ። ነኝ።»

ስድቡን የመለሰ መስሎኝ ነበር። ሾፌሩም እንደዚያ መስሎት እጁን አነሳ። ከዚያ ገበየሁ በጣቱ ጆሮውን ነካ፣ አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን። ልጁ እጁን አወረደ። «ይቅርታ አባ፣ አላወቅሁም» አለ።

እኔም አላወቅሁም። አጠገቡ ተቀምጬ አላወቅሁም።

ኅዳር 9

ትናንት ሳልጨርስ ተውኩት። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ያለኝን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የጠፋው የዝናቡ ድምፅ ነው። ሥራ ላይ እያለ፣ አንድ ክረምት። «ሰኔ አልቆ ዘንድሮ ዝናብ የለም እንዴ ብዬ መጋረጃውን ስገልጥ እንደ ጉድ ይወርዳል» አለኝ። ቆርቆሮው ላይ የሚያንባርቀው የጅማ ዝናብ! ከዚያ የሴት ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። የሶሲ ድምፅ በስልክ ጠፋ። በመጨረሻ የእኔ።

«ፊትሽን ሳይ እሰማሻለሁ» አለኝ። «ቤት ውስጥ እንደምንም አፍሽን እከተላለሁ። መኪና ውስጥ ግን የማየው መንገዱን ነው። አውርተሽ ሳልመልስ ስቀር ከምታውቂብኝ፣ ቴፑን አጮኸዋለሁ፣ ዝም ትያለሽ።»

«ታዲያ ስፒከሩ?»

ሣሩን መንጨት ጀመረ።

«ስፒከሩ በሆነልኝ ብዬ ነዋ» አለ። «ያ ወረቀት ተቀዶ ሳገኘው ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አታውቂም። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ስፒከሩ ነው አልኩ። አዲሱ ተገጠመ፣ ያው ነው። ገመቹ ሽቦ ተገልብጧል ሲል እንደገና ደስ አለኝ። ከዚያ አንቺ ስታለቅሺ አየሁ። አንቺን ያስለቀሰሽ እኔ ጋ አልደረሰም። ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ መንዳት ትከለክይኛለሽ። ካልነዳሁ ደግሞ የአጋሮን መንገድ ከማን ጋር ትሄጃለሽ?»

እኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ ነው የነገርኩት። ሰምቶኛል።

መኪናዋን ወደ ጅማ የመለሰልን የዋቅጋሪ ወንድም ነው።

ኅዳር 14

ትምህርት ቤት። ፈተና ማረም። በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የማይመልስልኝ ልጅ አለ፣ ፊት አመጣሁት። እስካሁን ሰነፍ ነው ብዬ ነበር።

ለእነዚያ በቤተ ክርስቲያን ላሙት ሴቶች ነገርኳቸው፣ ሳይጠይቁኝ። «አልኮራም፣ ጆሮው ነው» አልኩ። አንዷ አለቀሰች።

ኅዳር 23

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ መርምራ ነርቩ ነው፣ የሞተው አይመለስም አለች። በጆሮ የሚደረገው መሣሪያ ጸጥ ባለ ቤት ይረዳል፤ ሞተር በሚጮህበት፣ ሰው በበዛበት ግን ብዙ እንዳትጠብቁ አለችን። መንዳት? «በዚህ መንገድ ላይ ባይነዱ ነው የሚሻለው» አለችው፣ ወደ እሱ ዞራ፣ አፏን እያሳየች። እሷን በጣም ወደድኳት።

ከበሩ ስንወጣ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ሳየው ጣቶቹ ክፍት ሆነው ቀሩ።

ኅዳር 30

ሶሲ መሣሪያውን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። አባቷ ፊት ቁጭ ብላ «አባዬ፣ ሥራ ለቅቄአለሁ» አለችው። «ምን? ለምን?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ሶሲ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አቀፈችው። «ይኼን ነበር የፈለግሁት፣ እንድትቆጣኝ» አለች። እስኪመሽ ሲመክራት ዋለ።

መሣሪያውን አልወደደውም። የሹካ ድምፅ እንደ መጋዝ ነው አለ። የእኔ ድምፅስ? «እንደ ሬዲዮ ነሽ፣ ግን አንቺ ነሽ።»

ታኅሣሥ 9

መንጃ ፈቃድ በወጣትነቴ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ዙሀራ የወንድሟን ልጅ አዛልኝ፣ ከበቾ ቦሬ ሰፈር ጀርባ ሜዳው ላይ አለማመደኝ። በዕድሜዬ ማርሽ ሳንኳኳ ባጃጆች ቆመው ያዩኛል። ገበየሁ ከጎኔ ተቀምጦ በእግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሲደነግጥ ሳየው እስቃለሁ፣ ስስቅ መኪናዋ ትጠፋለች።

ገመቹ መስተዋቱን ቀየረልን። «ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩን ላውጣው?» ብሎ በእጁ እያሳየ ጠየቀው። «ለምን ታወጣዋለህ? እሷ ትሰማ የለ?» አለው።

ታኅሣሥ 27

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እኔ እየነዳሁ ወደ ዋቅጋሪ ቤት ተነሳን።

ከከተማ ስንወጣ ገበየሁ ራሱ ካሴት መርጦ አስገባ፣ ድምፁን ቀስ አደረገው። ሞተሩ እየጮኸ የጆሮ መሣሪያው ስለማይረዳው አውጥቶ ኪሱ ከቶታል። ትንሽ እንደሄድን ትከሻዬን ነካ አደረገና «የትኛው ዘፈን ነው አሁን?» አለኝ።

እየነዳሁ ልመልስለት አልችልም፤ ወደ እሱ ከዞርኩ መንገዱን አጣለሁ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ዞሬ ነገርኩት።

«እሱ!» አለና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈነልኝ። ዜማው ተዛነፈ፣ ቃል ግን አንድ አልሳተም። ከካሴቱ ቀድሞ ጨረሰ።

እንደገና ተነሳን። የቡና ማጠቢያው ጋ ስንደርስ ያ ኮምጣጣ ሽታ ገባ፣ አፍንጫዬን ያዝኩ፣ እሱ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ። ልመልስለት አቆምኩ። ቀጥሎ ያ ከኋላ ወደ ፊት ያመጣሁት ተማሪዬ ትዝ አለኝ፣ ለዚያም አቆምኩ። ስሙን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ የአባቱን ስም ጠየቀኝ። አንድ ሽማግሌ መኪና የተበላሸብን መስሏቸው ከእርሻቸው ወጥተው «አካም? ደህና ናችሁ?» አሉን። ለእሳቸውም አቆምን፣ እሸት ቡና ሰጡን። ከዚያ እሱ ስለ ሶሲ ማለት የፈለገው ነበር። ከዚያ እኔ ስለ ጡረታዬ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ጥቂት እንነዳለን፣ አንዳችን የሌላውን ትከሻ ይነካል፣ ዳር እይዛለሁ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ገና የቡ ላይ ነን። ስልኬ ጮኸ። ዋቅጋሪ ነው፣ ተጨንቋል።

«ወይንሸት! የት ደረሳችሁ? ምሳው ቀዘቀዘ፣ ራትም እየደረሰ ነው። መኪናዋ ተበላሸችባችሁ እንዴ?»

ገበየሁ ማን ነው ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ።

«አልተበላሸችም» አልኩት ዋቅጋሪን። «እያወራን ነው።»